የቀዩ ግንብ ዙር

ኢዮኤል አንድ እጁን ከመሪው አንስቶ መዝሙር ሲያስጀምር፣ ሰባት ሰው የጫነው ቫን ከስኪዳም ወጥቶ ወደ ሮተርዳም አውሮፕላን ማረፊያ ይበር ነበር። ከኋላ ያሉት እያጨበጨቡ ተቀበሉት። ያላጨበጨበው አስራት ብቻ ነው። መስኮቱን ተደግፎ የሚያልፉትን መጋዘኖች እያየ፣ «ይሄ ልጅ ግንቡን ሳያዞረን ቦይ ውስጥ ሊከተን ነው» አለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሚስቱ የምስራች ግን እንድትሰማው አድርጎ። የምስራች ሰማችው። ማጨብጨቧን አላቆመችም።

ዘመኑ 2012 ዓ.ም.፣ የካቲት ማለቂያ ላይ ነው። ያ ዓለምን የዘጋ በሽታ ሆላንድ ከገባ ገና ሳምንቱ ነበር፤ የእጅ ማጽጃ ከሱቅ ጠፍቶ፣ ሰው በክርኑ ሰላም እየተባባለ በራሱ የሚስቅበት ጊዜ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አውሮፕላኑም፣ አዳራሹም፣ ግንቡም እንደሚዘጋ በቫኑ ውስጥ ያወቀ አልነበረም፤ ነቢዩም ቢሆን።

ነቢይ የሚለውን ማዕረግ ለኢዮኤል ማን እንደሰጠው በውል አይታወቅም። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። በሳምንት አምስት ሌሊት ወደቡ ዳር ካለ መጋዘን ካርቶን ሲያነሳ ያድራል፤ እሁድ ከሰዓት ክራቫት አስሮ ዴልፍስሃቨን ሰፈር በኪራይ አዳራሽ ውስጥ ራእይ ያያል። «እንቅልፍ ያጣ ሰው ምን የማያየው ነገር አለ?» ይል ነበር አስራት።

አስራት ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው። አዲስ አበባ ሳለ የካርታ ባለሙያ ነበር፤ ለስድስት ወር ኮርስ መጥቶ ሃያ ስምንት ዓመት ቀረ። አሁን በሮተርዳም ወደብ የትኛው ኮንቴይነር የት እንደሚደረደር የሚያቅድ ቢሮ ውስጥ ይሠራል። በእሱ ዓይን ሰው ማለት ካርታ የሚያነብና የማያነብ ተብሎ ሁለት ነው፤ ሚስቱ የምታመልክበት ጉባኤ ደግሞ ከመጋቢው እስከ ዘማሪው ከሁለተኛው ወገን ነው። አባል ሆኖ አያውቅም። እሁድ እሁድ የምስራችን አድርሶ፣ እስክትወጣ ድረስ መኪናው ውስጥ ጋዜጣ እያነበበ ይጠብቃታል። ልጅ አልወለዱም። እሱ ለእሷ፣ እሷም ለእሱ ነው የቀሩት።

ይህን ጉዞ ያመጣው ጥር ነው። የምስራች ጡቷ ውስጥ ካንሰር ተገኘባት። ሐኪሞቹ «ትንሽ ነው፣ ቶሎ ከወጣ ጥሩ ነው» ብለው ለፌብሩዋሪ አስራ ሰባት፣ በእኛ ለየካቲት ዘጠኝ፣ የቀዶ ሕክምና ቀን ቆረጡላት። በዚያው ሰሞን ኢዮኤል በጸሎት መሐል ራእይ አየሁ አለ፦ ተራራ ላይ የተሠራ ቀይ ግንብ፣ ሰዎች እንደ ኢያሪኮ ሰባት ጊዜ ሲዞሩት፣ አንዲት የታመመች እህትም ድና ስትመለስ። የትኛው ግንብ እንደሆነ እሱም አላወቀም። አወቅሁት ያለችው ኤልፍነሽ ናት። ኤልፍነሽ በየቤቱ እየዞረች አዛውንት የምትንከባከብ የአርባ አምስት ዓመት ሴት ናት፤ ከምታጥባቸው አሮጊቶች አንዷ ወጥ ቤት የተሰቀለ ካላንደር ላይ የማርች ወር ሥዕል ቀይ ግንብ ሆኖ ብታገኘው፣ አሮጊቷን አስፈቅዳ ወሩን ገንጥላ ለጉባኤው ይዛ መጣች። አልሃምብራ። ስፔን፣ ግራናዳ፤ ከሰሜን አፍሪቃ የተሻገሩ፣ ሙሮች የሚባሉ ሙስሊሞች የገነቡት ቤተ መንግሥትና ምሽግ።

«ለሙሴ በሚነድ ቁጥቋጦ ተናገረው» አለ አስራት ያን ቀን ማታ፤ «ለእናንተ በወጥ ቤት ካላንደር።»

የምስራች በነጋታው ሆስፒታል ደውላ «አፍስፕራኬን አስተላልፉልኝ» ብላ ቀጠሮዋን ለወጠች። ለባሏም፣ «ግንቡን ሰባት ጊዜ ሳልዞር ቢላዋ አይነካኝም» አለችው። ከዚያ በኋላ ቢለምናት፣ ቢቆጣት፣ ስታትስቲክስ ቢያነብላት አልተነቃነቀችም።

እሱም ሥራውን ሠራ። የግንቡን ካርታ ከኮምፒዩተር አውጥቶ አተመ። አንድ ጊዜ ዓይኑን ጣል እንዳደረገበት ሳቀ። ግንቡ የተሠራው ጉብታ ጫፍ ላይ ነው፤ በሰሜን በኩል ገደል ነው፣ ከገደሉ ሥር ወንዝ። ግድግዳውን ታክኮ መዞር አይቻልም። መዞር የፈለገ ወንዙ ድረስ ወርዶ፣ በከተማው መንገድ ተጉዞ፣ በሌላ በኩል ዳገት መውጣት አለበት። ሰባት ዙር ለጤነኛም የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። ካርታውን አጥፎ ጃኬቱ ውስጠኛ ኪስ ውስጥ ከተተው፤ ለማንም አልተናገረም። ለምን ቢባል መልስ ነበረው፦ ብነግራት አታምነኝም፤ ዓይኗ ቢያይ ግን፣ እነዚያ ሰዎች ፊቷ ላይ ሲሸማቀቁ ብታይ፣ ያን ጊዜ ጉባኤው ያበቃለታል። ያን ቀን እንደ በዓል ሲጠብቀው ከረመ።

አውሮፕላን ማረፊያው ፍተሻ ላይ የመጀመሪያውን ደስታ አገኘ። ኢዮኤል በፎጣ ጠቅልሎ የያዘው የጸሎት ዘይት ከሻንጣው ተመዞ ወጣና ፈታሿ ጠርሙሱን ራሷን እየነቀነቀች ወደ ጎን አስቀመጠችው።

«ኧረ የተጸለየበት ነው!» አለች ኤልፍነሽ።

«ቅብዓቱ ከመቶ ሚሊ ሊትር በልጦ ነው» አለ አስራት፣ ለሚሰማውም ለማይሰማውም። «አነስ ያለ ነቢይ ብንይዝ ኖሮ ያሳልፉን ነበር።»

ከሁሉ ቀድሞ የሳቀው ኢዮኤል ነው። «እውነትዎን ነው ጋሽ አስራት፣ ይሄን ነገር አላሰብኩትም። እዚያው እንገዛለን። ስፔን ዘይት አይጠፋም» አለ። ሳቁ አስራትን አናደደው። ሲሰድቡት የማይሰደብ ሰው ደስ አይለውም።

ግራናዳ አደሩ። በማግስቱ ዓርብ ጠዋት ከቤተ መንግሥቱ በር ተሰለፉ። ትኬቱ ስምና ሰዓት የተጻፈበት ነው፤ ለሦስት ሰዓት የተቆረጠለት በሦስት ሰዓት ይገባል፣ ያረፈደ ይቀራል። አስራት ይህን ሥርዓት ወደደው። «ስምንት መቶ ዓመት ሊሞላው የደረሰ ምሽግ እንኳ ሰዓት ያከብራል» አለ፤ አርባ ደቂቃ ሳያረፍድ የማይጀምረውን አምልኳቸውን ለመንካት ነው።

ግንቡ ከውጭ ደረቅ ነው፣ አፈር ለብሶ የቆመ። ውስጡ ግን ሌላ ነው። ግድግዳው ከወገብ በላይ እስከ ጣራው ተፈልፍሎ ተጽፎበታል፤ ጣራው የማር እንጀራ ይመስላል፤ ውሃው ከክፍል ወደ ክፍል በወለሉ ላይ በተቆረጠ ቀጭን መስመር ይሄዳል። ሰዉ ሁሉ ስልኩን አንስቶ ይቀርጻል። አስራት ስልክ የሚያነሳውን ሰው ሁሉ ናቀ፤ ጀርመኖቹን ናቀ፣ ጃፓኖቹን ናቀ፣ ባንዲራ ይዛ የምትመራቸውን ልጅ ናቀ። የራሱን ሰዎች ለመናቅ ደግሞ የተለየ ጥረት አላስፈለገውም። አፋቸውን ከፍተው ጣራ ጣራውን ያያሉ።

«ይሄ በየቦታው የሚደጋገመው ጽሑፍ ምን ይላል?» አለ ኢዮኤል፣ ግድግዳውን ሳይነካ በጣቱ እየተከተለ።

አስራት መመሪያ መጽሐፉን አንብቦ መጥቷል። ይህንን ጥያቄም ጠብቆታል፤ ነቢዩ ሲሰማ ይደነግጣል፣ መገሠጽ ይጀምራል፣ ዘበኛ ይመጣል፣ ይዋረዳል። «ከአላህ በቀር አሸናፊ የለም፣ ነው የሚለው። እንግዲህ ተነሥ፣ ገሥጸው።»

ኢዮኤል ግን ቆም ብሎ አሰበ። «አሸናፊው እግዚአብሔር ብቻ ነው ማለት ነው?» አለ። «እንዴት ያምራል፣ ጋሽ አስራት። ይሄን ሁሉ ሠርተው ሲያበቁ የራሳቸውን ስም አለመጻፋቸው።»

«የራሳቸውንም ጽፈዋል» አለ አስራት፤ «አንተ ስለማታነብ ነው።» ያም እውነት ነበር፤ ግን ሲናገረው እንደጠበቀው አልጣመውም።

የምስራችን ከሰዎቹ ተለይታ ግቢ ውስጥ ካለ ረጅም የውሃ ገንዳ ዳር ቆማ አገኛት። ግራና ቀኙ የተከረከመ ቁጥቋጦ ነው፤ ማማው ውሃው ውስጥ ተገልብጦ ይታያል። ነጠላዋን ሳይሆን ከሮተርዳም ገበያ የገዛችውን ሰማያዊ ሻርፕ ነበር የለበሰችው። ፊቷ ከጥር ወዲህ እንዲህ ተፈትቶ አያውቅም።

«ውሃውን ከስድስት ኪሎ ሜትር ርቀት ነው በቦይ ስበው ያመጡት» አላት፤ «በልኬት። ራእይ የሚባል ነገር አላስፈለጋቸውም።»

«አስራት፣ አንድ ነገር ልለምንህ» አለች ውሃውን እያየች። «ዛሬ ምንም አትበል። ከጎኔ ሆነህ ዙር። ባታምንም ዙር። ለእነሱ ብለህ አይደለም።»

«እግሬን እሰጥሻለሁ» አለ፤ «አፌን ግን አላከራየሁም።»

ቀና ብላ አየችው፣ ከዚያ መልሳ ውሃውን አየች። ሌላ አልለመነችውም።

በትልቁ በር ወጡ። ኢዮኤል ትናንት ማታ ከሱፐርማርኬት የገዛውን የወይራ ዘይት ከፍቶ፣ ጣቱን ነክሮ የምስራችን ግንባር ቀባና በአጭሩ ጸለየ። ግንቡን በግራ ይዘው ጉዞ ጀመሩ። ኤልፍነሽ የምስራችን ቦርሳ ተሸክማ ክንዷን ደግፋለች። ሌሎቹ ሦስቱ በለሆሳስ ይዘምራሉ። አስራት ከኋላ ነው፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ደብተር እንደሚያርም መምህር።

መጀመሪያው ቀና ነበር፤ ዛፍ፣ ጥላ፣ ከመንገዱ ዳር የሚሮጥ ውሃ። ከዚያ ግንቡ ታጠፈና መንገዱ በጠጠር የተነጠፈ ቁልቁለት ሆነ። ቁልቁለቱ በሁለት ግድግዳ መሐል እየጠበበ ይወርዳል፣ ይወርዳል። የምስራች እየቆመች መተንፈስ ጀመረች። የሚዘምሩት ዝም አሉ። ከታች ሲደርሱ ወንዝ፣ የካፌ ወንበሮች፣ የሚጮህ ሞተር ብስክሌት። ግንቡ የለም። ቀና ሲሉ ከገደል ጫፍ ላይ፣ ከራሳቸው በላይ ተሰቅሏል። ግማሹን እንኳ ሳይዞሩ ሰዓት ሊሞላቸው ነው።

የምስራች ወንዙ ዳር ካለው የድንጋይ አጥር ላይ ተቀመጠች። ከንፈሯ ነጥቷል። ኤልፍነሽ ውሃ አጠጣቻት፣ በእጇ ማራገብ ጀመረች።

ኢዮኤል ለረጅም ጊዜ ወደ ላይ ሲያይ ቆየ። ከዚያ መጥቶ ከፊቷ ቁጢጥ አለ።

«እትዬ የምስራች፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ። «በራእዩ ግንቡ ሜዳ ላይ እንዳለ ነበር የሚዞሩት። ይሄ አይደለም። ምናልባት ከመጀመሪያውም ራእይ አልነበረም። እንዲድኑልኝ በጣም ፈልጌ ነው… የፈለግኩትን ይሆናል ያየሁት። ተሳስቻለሁ። ዚከንሃውስ ይሂዱ። ሆስፒታል ዶክተሮቹ ጋ ይሂዱ፤ እኔው በቫን አደርስዎታለሁ።» እንባው መጣበት፤ በእጅጌው ጠረገው።

«ካላንደሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ እኮ» አለች ኤልፍነሽ፤ «እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ።»

የምስራች ሁለቱንም አየቻቸውና ፈገግ አለች። «ተዉ እናንተ። ማን አስገደደኝ? ቢላዋውን ፈርቼ ነው። ለመፍራት ጥቂት ቀን ፈለግኩ፣ እናንተ ሰጣችሁኝ። ሰኞ እደውልላቸዋለሁ። በቃ።»

በቃ። አስራት የፈለገው ሁሉ ሆኖለታል። ሚስቱ ልትታከም ነው፤ ነቢዩ በገዛ አንደበቱ ተሳሳትኩ ብሏል። እዚህ ላይ አፉን ቢይዝ፣ መጥቶ ከጎኗ ቢቀመጥ፣ ትከሻዋን ቢይዛት ሁሉም ያበቃ ነበር። እሱ ግን ተታለልኩ አለ በልቡ። ይህን ያህል ጠብቆ ድሉን ሌላ ሰው በሁለት ቃል ወሰደበት። የሚያለቅስ ነቢይ ደግሞ ከሚዘምረው ይልቅ አስጠላው።

«ቆይ፣ እንዲህ በቀላሉ አናልፍም» አለና ወደ መሐል ገባ። ካርታውን ከኪሱ አውጥቶ አጥሩ ላይ ዘረጋው። በቀይ እስክሪብቶ ገደሉ ተሰምሮበታል። «ኑ እዩ። ማየት የምትችሉ እዩ። ይሄ ግንቡ ነው። ይሄ ገደሉ ነው። መንገድ የለም! የሦስተኛ ክፍል ልጅ በአምስት ደቂቃ የሚያውቀውን ነገር፣ አንድ ጉባኤ ሙሉ ሰው ጾሞ ጸልዮ ሊያውቀው አልቻለም። ራእይ! ካርታ የማያነብ ሰው ራእይ ማየት ምን ያደርግለታል? ገና ቤቴ ተቀምጬ እዚህችው ቦታ ላይ እንደምትቀሩ አውቄያለሁ። እዚህችው!» በጣቱ ወረቀቱን ወጋ። እውነትም ምልክት አድርጎበታል፤ ወንዙ ዳር ትንሽ ቀይ መስቀል።

ኢዮኤል አንገቱን ደፋ። አስራት ፊታቸውን ዞሮ አየ፣ የከረመለትን ነገር አየና ጠጣው። መጨረሻ ላይ የምስራችን ፊት ሲያይ ግን፣ እሷ እያየች ያለችው ሌላ ነገር ነው።

መነጽሯን አድርጋ ወረቀቱን አነሳች። ኮምፒዩተር ሲያትም ራሱ ከታች ጥግ ላይ የሚጽፈው ትንሽ ቁጥር አለ። እሱን አነበበች።

«ፌብሩዋሪ አስራ ሁለት» አለች።

«እ?»

«ፌብሩዋሪ አስራ ሁለት ነው ያተምከው። የኔ ቀን አስራ ሰባት ነበር።»

አስራት ወረቀቱን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ፤ አልሰጠችውም።

«ብነግርሽ አታምኚኝም ነበር» አለ።

«አልነገርከኝም።»

«የምስራች፣ አስቢው እስቲ፣ ያን ሰሞን እኔን ትሰሚኝ ነበር?»

«እኔ እንጃ። ላልሰማህ እችል ነበር። ግን አልነገርከኝም።» ድምጿ ከፍ አላለም። «እዚህ ድረስ አምጥተህ፣ በዚህ ቁልቁለት አስወርደህ፣ መስቀል ካደረግክበት ቦታ ስቀመጥ ልታይ ነው የመጣኸው።» ወረቀቱን በአራት አጥፋ መለሰችለት። «ኢዮኤል ያዘገየኝ ተሳስቶ ነው። አንተ አውቀህ ነው።»

ተነሣች። ክንዷን ሊይዝ ተጠጋ፤ ቀድማ የኤልፍነሽን ክንድ ይዛለች።

ሰኞ፣ እንዳለችው፣ ደወለች። ለማርች ሃያ አምስት ቀጠሯት። ቀኑ ሳይደርስ አገሩ ሁሉ ተዘጋና ከሆስፒታሉ ተደወለ፤ አልጋውም ሐኪሙም ለአዲሶቹ በሽተኞች ተፈልጓል፣ ትጠብቅ። ጠበቀች። ሚያዝያ ላይ ሲጠሯት እንደገና ፎቶ አነሷት። ሐኪሙ በጨዋ ቋንቋ፣ እብጠቱ ካለፈው ተለቅ ማለቱን፣ የሚቆረጠውም ሰፋ ማለቱን ነገራት። አስራት በዚያ ሁለት ወር ውስጥ ይቅርታ ለመጠየቅ ብዙ ጊዜ ጀምሯል። ሁልጊዜ «ብነግርሽም እኮ…» በሚል ይጀምረዋል፤ እሷም ሳይጨርሰው «ሾርባው እንዳይበርድብህ» ትለዋለች። ክፉ ቃል አልተናገረችውም። አብራው በላች፣ አብራው ዜና አየች።

በቀዶ ሕክምናው ቀን ጠዋት በመኪና አደረሳት። በሩ ላይ ጭምብል የለበሰች ወጣት አስገባቻት፤ ለእሱ ግን እጇን አነሳች። ማታ፣ ከእንቅልፏ ስትነቃ መምጣት ይቻላል፣ አለችው። ማታ መጣ። አበባ ይዟል፤ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ሆላንዶች በአበባ ላይ የሚያጠፉትን ሲስቅባቸው የኖረ ሰው።

ወጣቷ ከመስታወቱ ጀርባ ሆና ስክሪኗን አየች። «ለእያንዳንዱ ታካሚ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚፈቀደው፣ ጌታዬ። ስሙ አስቀድሞ የተመዘገበ። የእርስዎ ስም የለም።»

«ባሏ ነኝ።»

«ይገባኛል።»

«አይገባሽም» አለ አስራት፤ በደንብ የሚያውቀው ያ ድምፁ መጣለት። «መዝገባችሁ ተሳስቷል። እኔ በቀን አራት ሺህ ኮንቴይነር ነው የማስቀምጠው፤ አንዲትም ስም ተሳስቼ አላውቅም። ማን ነው ይሄን የሞላው?»

«ታካሚዋ ራሷ ናት የሞላችው።»

ከኋላው አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ዞር አለ። ኤልፍነሽ ናት፤ ከሥራ በቀጥታ በአውቶቡስ መጥታ፣ የሥራ ጫማዋን እንዳደረገች። ሁለት ሜትር ርቃ ቆመች፤ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችው።

«ጋሽ አስራት፣ እኔ አልጠየቅኋትም። በእግዚአብሔር ስም፣ አልጠየቅኋትም። ‹ጋሼን አስመዝግቢ እንጂ› ብያት ነበር፤ እምቢ አለችኝ።»

«ምን ብላ?»

ኤልፍነሽ ጫማዋን አየች። «ይተዉት።»

«ምን አለች፣ ንገሪኝ!»

«‹ስነቃ ፊት ለፊቴ የማየው ሰው፣ እኔ ልክ ነበርኩ የማይለኝ ይሁን› አለች።»

«ብነግራትም እኮ…» ብሎ ጀመረ አስራት። ሳይጨርሰው ኤልፍነሽ ለወጣቷ ስሟን ተናግራ ገብታ ነበር።